ምዝገባው ገና አልተጀመረም

ሰኞ፣ ሜይ 31፣ 2010

ዛሬም ቀኑን ሙሉ ከአንዲት ቁልፍ ጋር ስጣላ ዋልኩ። «ላክ» የምትል ቁልፍ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ፎርሙ ግርጌ ጨዋ ሆና ቁጭ ብላለች። በኤያንግ ላይ ስትሆን ግን ተነሥታ የተማሪው ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ትተኛለች። ስሜን ልጻፍ ያለ ሰው እሷን ይጫናል፣ እሷን ሲጫን ባዶ ፎርም ይልካል። ይኸው ነው እንግዲህ ሥራዬ። እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ትሠራለች» ትላለች፤ እኔም አላርማትም።

ኤያንግ ማለት አያት ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት አጠገቤ የሚቀመጠው ቶፋን ነው። በኮምፒውተሬ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው፣ አሮጌ ዊንዶውስ ከነአሮጌው ብሮውዘሩ፣ ኤክስፕሎረር 6። ቢሯችን ሦስት ሰው ነው፣ ሦስታችንም በነጻው ሊኑክስ ነው የምንሠራው። ፖሊስ የተሰረቀ ፕሮግራም ፍለጋ ፑርዎከርቶ ከተማን ቤት ለቤት ከዞረ ወዲህ አለቃችን ማስ ጋሊህ፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት፣ «ዊንዶውስ በዚህ በር አይገባም» ብሎ ምሏል። ስለዚህ ገጻችን በአሮጌ ብሮውዘር ምን እንደሚመስል ማየት ሲያስፈልግ ያለን ኤያንግ ብቻ ነው። ለሙከራ በነጻ የሚታደል ነገር ስለሆነ ከጥቂት ወር በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። የእኛው ኤፕሪል ላይ አለፈበት። አሁን አንድ ሰዓት ይሠራና ራሱን ያጠፋል። እንደገና ለማስነሣት ግማሽ ሰዓት። ጨጓራዬን ላጠው!

መተው ደግሞ አይቻልም። ዘንድሮ የአውራጃው ልጆች ሁለተኛ ደረጃ የሚመዘገቡት እኛ በምንሠራው ገጽ ነው። ጁላይ 1 ይከፈታል፣ ጁላይ 3 ልክ በእኩለ ቀን ይዘጋል። ከተሜው አዲስ አዲሱን ይዟል። ተራራው ላይ ያሉት ኢንተርኔት ቤቶች ግን ግማሾቹ ገና በ6 ናቸው።

ረቡዕ፣ ጁን 2

አዲስ ኤያንግ ላወርድ ሞከርኩ። ሰማንያ በመቶ ላይ መስመሩ ጠፋ። ለአራተኛ ጊዜ! ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፣ ያመመው እኔን ነው።

ማስ ጋሊህ ሰምቶ መጣ። «ምን ያጨቃጭቅሻል? ሰዓቱን ወደ ኋላ አዙሪበት። እሱ ምን ያውቃል?»

ወደ ፌብሩዋሪ 9 አዞርኩት። ወላሂ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥቶ ሲሠራ ዋለ። ቶፋን፣ «አቤት! ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ ይታለላል?» ብሎ ሳቀ። ያንን ሁኔታ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እሱኑ እመልሳለሁ፣ ለኤያንግ ሁልጊዜ ፌብሩዋሪ 9 ነው። ተገላገልኩ።

ሰኞ፣ ጁን 7

ኤያንግ ገጹን ከፍቶ፣ «ምዝገባው ገና አልተጀመረም። እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» አለኝ። ክው አልኩ። ቶፋን ለሙከራ ብሎ የመክፈቻውን ቀን ጁን 1 አድርጎታል፤ በእኔ ፋየርፎክስ ወለል ብሎ ይከፈታል። እዚህ ለምን እምቢ ይላል?

ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ገጹ ቀኑን የሚጠይቀው ማሽኑን ነው፤ እንዴት ይከፈትለት? እሱ ያለው ፌብሩዋሪ ላይ!

ለቶፋን ነገርኩት። «ትክክል ነው እንጂ፣ ምን አጠፋ? ይልቅ ጎበዝ ሽማግሌ ነው» አለኝ። ቀኑን ሳይጠይቅ በቀጥታ ፎርሙ ላይ የሚያገባ የጓሮ በር ሠራልኝ። ከዛሬ ጀምሮ በጓሮ ነው የምገባው።

ዓርብ፣ ጁን 11

የዓለም ዋንጫ ዛሬ ይጀምራል፤ ከተማው ከአሁኑ በጥሩምባ ደንቁሯል። እኛ ግን ትምህርት ቢሮ ስብሰባ። የምዝገባው ኃላፊ ፓክ ዳርሶኖ፣ አቶ ዳርሶኖ እንደማለት፣ ናቸው፤ የሚያወሩት በሁለት ሲጋራ መካከል ነው።

«አምና እናቶች ሌሊቱን በር ላይ አድረዋል» አሉ። «ዘንድሮ አንድ ሰው እንዲሰለፍ አልፈልግም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ተራራው ላይ ባሉት አሮጌ ኮምፒውተሮችስ? ይከፈታል?»

«ይከፈታል፣ ፓክ። እኔ ራሴ ነኝ የምሞክረው።»

ማስ ጋሊህ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ፣ ጎበዝ ለማለት። ስንወጣ፣ ይህ ከሠመረ በሚቀጥለው ዓመት የአጎራባቾቹንም አውራጃዎች እንይዛለን አለ።

እሑድ፣ ጁን 13

ቡሊክ ያቲ ቤት ወጣሁ። ቡሊክ ማለት አክስት ነው፣ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ቤታቸው ከተራራው ወገብ በላይ ነው፣ ጎመንና ድንች ማሳው መሐል። ልጇ ላራስ ዘንድሮ ዘጠነኛን ጨርሳለች። ውጤቷ ከ40፣ 31.85። አልጠላሁትም፣ አልወደድኩትምም። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት 192 ልጅ ነው የሚወስደው፣ በውጤት ተራ። አምና በዚህ ውጤት ይገባ ነበር፣ ለጥቂት።

አባቷ ሩዙን እየበላ፣ እኔን ሳያይ፣ «ካልሆነም ቦታው አለ። እህቷ ተናግራላታለች» አለ። እህቷ ያለችው የሐሰት ሽፋሽፍት ፋብሪካ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ጸጉር በጸጉር ትቋጥራለች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ጋዜጣ ስታነብ አፍንጫዋ ላይ ልትለጥፈው ምንም አይቀራት።

ላራስ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። «ምባክ፣ ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«የምሞክረው እኔ ነኝ። ቶፋን የሚባል ያበላሻል፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

«እኛ ገበያው ጋ ያለው ኢንተርኔት ቤት ነው የምንሄደው። ማሽኖቹ እኮ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ይከፈትልኛል?»

«ለአንቺማ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚከፈተው!»

እንዲህ ብያታለሁ። ምባክ፣ ታላቅ እህቴ፣ ስባል አፌ ይፈታል።

ሐሙስ፣ ጁን 17

«ላክ» ቦታዋን ያዘች። አልሐምዱሊላህ። የልደት ቀን መምረጫው ደግሞ ሁለቴ ሲነካ ድርቅ ይላል። ራሴን አመመኝ። ምሳዬ ቆሜ የጎረስኳት ሁለት ጥብስ ሜንዶአን።

ማክሰኞ፣ ጁን 22

ሠላሳ አንድ ነገር ነው የምንፈትሸው፣ በስድስት ብሮውዘር። ሠንጠረዡን ዛሬ ሞልቼ ጨረስኩ። የኤያንግ ዓምድ ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ቀረችኝ፣ የመጀመሪያዋ፦ «ገጹ በመክፈቻው ቀን ይከፈታል»። በእርሳስ «ሰዓት» ብዬ ጻፍኩባት።

ማስ ጋሊህ ትከሻዬ ላይ ቆመ። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ምንም። የሰዓቷ ነገር ናት።»

ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላስረዳሁትም። የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ሲሄድ እርሳሱን አጥፍቼ በእስክርቢቶ ምልክት አደረግኩ። በአምስቱ ላይ ተከፍቷል፤ በስድስተኛው የማይከፈትበት ምክንያት የለም። የለም።

ማክሰኞ፣ ጁን 29

ቶፋን ወደ ኳሱ ሊሮጥ ጃኬቱን እየለበሰ፣ «ስሚ፣ ኤያንግን አንዴ እውነተኛውን ቀን ንገሪውና በፊት ለፊቱ በር አስገቢው እስቲ» አለኝ።

«ራሱን ያጠፋብኛል። ተነሥቶ እስኪቆም ግማሽ ሰዓት ልጠብቅ?»

«እንደፈለግሽ።» ወጣ።

ደክሞኝ ነበር። ከአንድ ወር ወዲህ ያየሁት ነገር ቢኖር ያንን ሰማያዊ ዴስክቶፕ ነው። ነገ አየዋለሁ አልኩ። (ረቡዕ ማታ፦ ሰርቨሩን ስናዛውር መሸ።)

ሐሙስ፣ ጁላይ 1

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተከፈተ። አልወደቀም! እስከ ቀትር ዘጠኝ መቶ ልጅ። የደረጃው ሠንጠረዥ በየደቂቃው ይታደሳል፣ ከተማው ሁሉ እያየው ነው፤ ሶቶ ሾርባ የሚሸጠው ሰውዬ እንኳ የወንድሙ ልጅ ስንተኛ እንደሆነ ነገረን። ማስ ጋሊህ ለሁላችንም ጋበዘን። አንድም የቅሬታ ስልክ የለም፣ አንድም።

ፓክ ዳርሶኖ ደውለው አመሰገኑን። ከተራራው ገና ጥቂት ነው የመጣው አሉ። «የተራራ ሰው የመጨረሻው ቀን ነው የሚወርደው፣ ለምዶበታል።»

ላራስም ገና ናት።

ዓርብ፣ ጁላይ 2

ዛሬም የላራስ ስም የለም። አሥር ጊዜ አየሁ። ምናልባት ነገ ገበያ ስለሆነ ነው። ልደውል ስልኩን አንሥቼ ተውኩት፤ ቡሊክ «አላመነችንም» እንዳትል። የሚያስፈልጋት ነገር ቢኖር ትደውል ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 3

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ቡሊክ ያቲ ደወለች። መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥሎ የእናቴን ጉልበት፣ ቀጥሎ ዝናቡን። ከዚያ በኋላ፣ በጣም ዝቅ ብላ፦ «ንዱክ፣ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ አይደል?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ቡሊክ።»

«እንዲያው ቀኑ ተላልፎ እንደሆነ ብትነግሪኝ ብዬ ነው። ላራስ ሐሙስም ዓርብም ወርዳ ነበር። ገና አልተጀመረም፣ ቆይታችሁ ሞክሩ ይላል። ኪናንቲ አለች፣ ጓደኛዋ፣ ሰባት ሆነው ነው በፒካፕ የወረዱት። ሁለቱንም ቀን ተመለሱ። ዛሬ እንግዲህ የፒካፑ ሰውዬ ጎመን ጭኖ ሄደ። ስትጀምሩ ትጠሩናላችሁ ብለን ቁጭ ብለናል።»

ሐሙስ ለምን አልደወልሽልኝም አልኳት። ጮህኩባት መሰለኝ። «ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል፣ አስቸግሬሽ እንዳይሆን ብዬ ነው እኮ» አለች። በቃ፣ ይኼው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እኔን ላለማስቸገር።

«ላራስን አቅርቢያት። የፈተና ቁጥሯን ታንብብልኝ።»

እዚያው በራሴ ማሽን ሞላሁላት። አራት ደቂቃ ፈጀ። 178ኛ ሆና ገባች። ይህን ያደረግኩት ለማንም ከመናገሬ በፊት ነው፣ ምን እንደተበላሸ እንኳ ከማየቴ በፊት። ይጻፍ።

ከዚያ ኤያንግን አስነሣሁትና እውነተኛውን ቀን ነገርኩት። ጁላይ 3። በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። «ምዝገባው ገና አልተጀመረም። እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ።»

ጁን 7 ያየሁት ይኸው ነው! እሷኑ ቃል በቃል! የዚያን ቀን ውሸቱን የነገርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እሱ እውነት ሲነግረኝ ሳቅኩበት። ቶፋን አጠገቤ መጥቶ ኮዱን ሲያይ ፊቱ ነጣ። የመክፈቻው ቀን በአጭር ሰረዝ ተከፋፍሎ ነው የተጻፈው። አዲሶቹ ያነቡታል፤ 6 ግን እንዲህ የተጻፈ ቀን ማንበብ አይችልም፣ ያላነበበውን ቀን ደግሞ ገና አልደረሰም ብሎ ያልፈዋል። ሰረዞቹን በሌላ ምልክት ተካቸው። አንድ መስመር። ኤያንግ ወዲያው ከፈተ። ራሱን እስኪያጠፋ አንድ ሰዓት ይሰጠኝ ነበር፤ የሚያስፈልገኝ አንድ ደቂቃ ነበር።

የሰርቨሩን መዝገብ አየን። በሁለት ቀን 412 ማሽን በ6 መጥቶ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሄዷል። አንድ ማሽን ላይ ስንት ልጅ እንደተቀመጠ አላህ ይወቀው።

ማስ ጋሊህ በሩን ዘጋ። «ተስተካክሏል አይደል? እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት ሰዓት አለ። የሚመጣ ይመጣል። ዝም በሉ።»

«አይመጡም ማስ። ቤታቸው ገብተዋል።»

«ማን ቅሬታ አቀረበ? አንድ ስም ጥሪልኝ!» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወኒንግ፣ የእናንተዋ ልጅ ገብታለች። አየሁት እኮ። ምን ቀረሽ?»

የመዝገቡን ወረቀት አትሜ ወደ ትምህርት ቢሮው ሞተር ሳይክሌን አስነሣሁ።

ፓክ ዳርሶኖ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። ሲጋራቸው ሳይጨስ አመድ ሆነ። «አንድ ሰው እንኳ አልደወለልኝም» አሉ።

«አይደውሉም፣ ፓክ። ቆዩ ብለናቸዋል፤ እየቆዩ ነው።»

«እሞክረዋለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬዎታለሁ። በትክክል አልሞከርኩትም።» የሰዓቱን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ግማሹ የገባቸው አልመሰለኝም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ገብቷቸዋል።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ቀኑ ከተራዘመ፣ የሚመጡት ሲገቡ አሁን ያሉት ከታች ይወጣሉ። ይኼ ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ከታች የምታውቂው ሰው አለ?»

«የአክስቴ ልጅ አለች። 178ኛ ናት።»

ከዚያ ስልኩን አነሡ። እስከ ማክሰኞ እኩለ ቀን ተራዘመ።

እሑድ፣ ጁላይ 4

ማስ ጋሊህ መልእክት ላከ፦ የአጎራባቾቹ አውራጃዎች ሥራ ቀርቷል፣ የዚህም ከዘንድሮ አያልፍም።

ቶፋን ደወለ። «ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለምን ለብቻሽ ትሸከሚያለሽ?»

«ያየሁት እኔ ነኝ። አይቼ ሳቅኩ።»

ቡሊክ ያቲም ደወለች። ላራስ ገባች ብለው ለጎረቤት ሁሉ ሩዝና ዶሮ አብልተዋል። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፋብሪካው ሳያነሣ ዋለ። «አላህ ያክብርሽ፣ ንዱክ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?»

ገና አላለቀም ማለት ነበረብኝ። «ደስ ብሎኛል፣ ቡሊክ» አልኳት። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ሰኞ፣ ጁላይ 5

በየመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተነገረ፣ በየመንደሩ ሹምም። ከጠዋት ጀምሮ ከተራራው ይጎርፋል። የሰርቨሩ መዝገብ ላይ 6፣ 6፣ 6፣ 6፣ ሁሉም ይከፈታል።

ላራስ ከኢንተርኔት ቤቱ ደወለችልኝ፣ ከኋላዋ ጫጫታ። ኪናንቲንና ሌሎቹን ልታግዝ ወርዳለች። «ሁሉንም የሞላሁላቸው እኔ ነኝ ምባክ! አሁን ደግሞ የማላውቃቸው ሁሉ ተሰልፈውብኛል። ላክ የምትለዋን ከመጫናችሁ በፊት ስማችሁን እዩ እላቸዋለሁ። አንቺን መሰልኩ እኮ!»

ኪናንቲ 35.10 አላት፤ 90ኛ ገባች። ላራስ ማታ ላይ 184።

ሠንጠረዡን አይታው ይሆን? አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 6

ሦስት ሰዓት፦ 187።

አራት ተኩል፦ 190። ቶፋን ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠና ሄደ።

አምስት ከአምስት፦ 192። ከእንግዲህ አንድ ልጅ ብቻ። እንዳይመጣ ተመኘሁ። ከዚያ ተራራ የሚወርድ፣ ሁለት ቀን ቆይ ያልኩት ልጅ፣ እንዳይደርስ ተመኘሁ። አፍሬበታለሁ፣ ግን ተመኝቻለሁ።

አምስት ከሩብ ላይ መጣ። ከላይኛው መንደር ነው፣ 32.40፣ በ6 ነው የገባው። መስመሩ ወደ ታች አንድ ተንሸራተተና የላራስ ስም ከገጹ ወጣ። በኤያንግም አየሁት፣ በራሴም አየሁት። ሁለቱም አንድ ናቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ተዘጋ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ።

«ምባክ፣ ገጹ ተበላሸ እንዴ? ስሜ የለም።»

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ተበላሽቷል ብላት ለአንድ ቀን ታምነኛለች፤ ቤቷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ደግሞም አትደውልም።

«አልተበላሸም፣ ላራስ» ብዬ ላክሁላት። «በትክክል እየሠራ ነው።»